አንሥቶ መልቀቅ፤ አርማታ ሰባሪው መዶሻ እንዴት ይሠራል?

አንባቢ ሆይ፤ ቡና ሲወቀጥ አጠገብ ቆመው የወቃጯን እጅ ልብ ብለው ተመልክተው ያውቃሉን? ልምድ የሌላት ልጅ ዘነዘናውን ከላይ እስከ ታች አጥብቃ ይዛ ትወርዳለች፤ ጥቂት እንደ ወቀጠች መዳፏ ይቀላል፣ ክንዷም ይዝላል። ባለሙያዋ ግን ዘነዘናውን ወደ ላይ አንሥታ ጣቶቿን ላላ ታደርጋለች። ዘነዘናው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ሙቀጫው ውስጥ ገብቶ ከመታ በኋላ እንደ ገና ትጨብጠዋለች። ምቱ ከቡናው ላይ ያርፋል እንጂ ወደ ትከሻዋ አይመለስም።

የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ቡና አይደለም። አርማታ ስለሚሰብር፣ በሰንሰለት እየተነሣ በራሱ ክብደት ስለሚወድቅ አንድ የብረት መዶሻ ነው። ክብደቱ ግማሽ ቶን ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን በካሚዮን ኋላ በቆመ የብረት ማማ ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ብዙ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ማሽን በሥዕል ሲያዩ «ሞተሩ መዶሻውን ወደ ታች ይወረውረዋል» ብለው ያስባሉ። አይወረውረውም። የሞተሩ ግዴታ ማንሣት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ገለል ማለት አለበት። ከባድ ነገር ማንሣት ድሮም የታወቀ ሥራ ነው፤ የማሽኑን ሠሪ የሚያስጨንቀው ይህ ገለል ማለቱ ነው።

በመጀመሪያ ግን፣ የተሠራን መንገድ ማን ይሰብራል? ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። በአሜሪካ የመጀመሪያው የአርማታ ጎዳና የተነጠፈው በኦሃዮ ክፍለ አገር፣ ቤልፎንቴይን በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን ጊዜውም በኤውሮፓ አቆጣጠር 1891 ዓ. ም. ነበር። ከ1956 ዓ. ም. ወዲህ ደግሞ ክፍለ አገሮቹን እርስ በርሳቸው የሚያገናኙት ታላላቅ አውራ ጎዳናዎች ሲዘረጉ እጅግ ብዙ ኪሎ ሜትር በአርማታ ተሠራ። የአርማታ ዕድሜ ረዥም ነው፤ ቢሆንም ያረጃል። ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ መጋጠሚያው ይላላል፣ ከባድ መኪና ባለፈበት ቁጥር ቋ ቋ ይላል። ታዲያ በላዩ አስፋልት ቢያለብሱትስ? ለጥቂት ጊዜ ያምራል። ነገር ግን ከሥር ያለው ሰፊ ንጣፍ በሙቀት ይሰፋል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ መጋጠሚያው ሲከፈትና ሲዘጋ ከላይ ያለውን አስፋልት ይቀድደዋል። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ የታችኛው ስንጥቅ መልኩን ሳይለውጥ ከላይ ብቅ ይላል። በተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ እንደ መለጠፍ ማለት ነው።

ከዚህም የተነሣ፣ በተለይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ አሮጌውን ንጣፍ ቆፍሮ አውጥቶ ከመጣል ይልቅ በተኛበት ሰባብሮ፣ በከባድ መዳመጫ ጠቅጥቆ፣ አዲሱን አስፋልት በላዩ ማንጠፍ በአሜሪካ እየተለመደ ሄደ። ቁራጩ ትንሽ ሲሆን መስፋቱና መሰብሰቡም ትንሽ ስለሚሆን አስፋልቱን የመቅደድ አቅም ያጣል። እንግዲህ ሰባሪው መዶሻ እዚህ ላይ አፍራሽ ብቻ ሳይሆን መሠረት አዘጋጅም ነው፤ አንዱን ቁራጭ እንደ በር፣ ሌላውን እንደ ጠጠር አድርጎ ቢተው ሥራው ተበላሸ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። በካሚዮኑ ኋላ ሁለት ቋሚ የብረት ሐዲዶች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። መዶሻው በሁለቱ መካከል እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ይንሸራተታል፤ ወደ ጎን መውጣት አይችልም። በግራና በቀኝ ደግሞ አንድ አንድ ሰንሰለት አለ። ይህ ሰንሰለት ከብት ከምናስርበት የቀለበት ሰንሰለት የተለየ ነው፤ በብስክሌት ላይ የሚያዩት የካቴና ዐይነት ሆኖ ውፍረቱ በብዙ ይበልጣል። ከላይ አንድ፣ ከታችም አንድ ጥርስ ያለው መዘውር አለ። ሰንሰለቱ ሁለቱን ዞሮ ጫፍና ጫፉ ስለ ተጋጠመ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። ሞተሩ አንደኛውን መዘውር ሲያዞር ሰንሰለቱ በአንድ በኩል ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ በሌላው በኩል ሁልጊዜ ወደ ታች ይሄዳል፤ ሳይቆም፣ ሳይመለስ፣ በአንድ ፍጥነት።

በሰንሰለቱ ላይ በተወሰነ ርቀት ወጣ ያለ ብረት ተጣብቋል። ቀንድ እንበለው። በመዶሻው ጎንም ለዚህ ቀንድ የሚሆን ትከሻ አለ። ወደ ላይ የሚወጣው ቀንድ ከትከሻው ሥር ገብቶ መዶሻውን ተሸክሞ ይወጣል። ከላይኛው መዘውር ሲደርስ ግን ሰንሰለቱ መታጠፉ ግድ ነው፤ ቀንዱም አብሮ ይዞርና ከትከሻው ሥር ሾልኮ ይወጣል። መዶሻው የሚይዘው አጣ፤ ወደቀ። ጣት የሚያላላ ሰው የለም፤ የመዘውሩ ክብነት የወቃጯን ጣቶች ሥራ ይሠራል። መዶሻው አርማታውን በሚመታበት ቅጽበት ከሰንሰለቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሰንሰለቱም ምቱን አይቀምስም። እኔ የዚህን ማሽን ብልሃት ሁሉ በዚህች ላይ ነው የማየው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ለድልድይና ለወደብ መሠረት ግንድ የሚተክሉ አንዳንድ ማሽኖች ክብደታቸውን መጨረሻ በሌለው ሰንሰለት ያነሡ ነበር። ባለ መንከባለያው ሰንሰለት የመጣው ደግሞ ሐንስ ሬኖልድ የተባለ በስዊስ አገር የተወለደ መሐንዲስ በማንቸስተር ከተማ በ1880 ዓ. ም. በሠራው ጊዜ ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የሚሽከረከር ትንሽ ቀለበት ስላደረገበት ከመዘውሩ ጥርስ ጋር የነበረው መፋጨት ቀርቶ መንከባለል ሆነ። ብስክሌት ያለዎት እንደ ሆነ የዚህን ሰው ሥራ በየቀኑ ይረግጣሉ።

ዛሬ በብዙ ማሽኖች ላይ ማንሣቱን የዘይት ግፊት ተረክቦታል። በዘይት የሚገፋ ዘንግ 1 ሜትር ሲወጣ በአናቱ ባለው መዘውር ላይ የተጠለፈው ሰንሰለት መዶሻውን 2 ሜትር ያነሣዋል፤ ፎርክሊፍት የሚባለው ዕቃ ማንሻም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ለመጣል የዘይቱ መውጫ ባንድ ጊዜ ይከፈታል። ይህኛው ከፍታውን እንደ ልብ ያስመርጣል፤ ነገር ግን መዶሻው ሰንሰለቱንና ዘንጉን አስከትሎ፣ ዘይቱንም እየገፋ ስለሚወድቅ ከጉልበቱ ጥቂት ይቀነስበታል። ለመማር የሚሻለው የቀንዱ ዐይነት ስለ ሆነ በእርሱ እንቀጥል።

እርሳስዎን ያንሡ። መዶሻው 500 ኪሎ፣ ከፍታው 2 ሜትር ይሁን። ይህ ለሒሳብ እንዲመች የመረጥሁት ነው እንጂ የአንድ የታወቀ ፋብሪካ ልክ አይደለም። 500 ኪሎ 2 ሜትር ለማንሣት 500 ጊዜ 9.8 ጊዜ 2፣ ማለት 9,800 ጁል ያስፈልጋል። ሰንሰለቱ በሴኮንድ 1 ሜትር ቢጓዝ በ2 ሴኮንድ ያደርሰዋል። በየሴኮንዱ 4,900 ጁል መሆኑ ነው፤ ይህም 7 የፈረስ ጉልበት አይሞላም። የአንዲት ሞተር ብስክሌት ሞተር ይበቃል።

መዶሻው ሲለቀቅ 2 ሜትር ለመውደቅ 0.64 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ከታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ 6.3 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት ቢቆጠር 22 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል፤ ብስክሌት ነጂ ቁልቁለት ሳያገኝ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ አዝጋሚ ነገር አርማታን እንዴት ይሰብራል? መልሱ ያለው በአወዳደቁ ሳይሆን በአቋቋሙ ላይ ነው። መዶሻው 1 ሴንቲሜትር ያህል ገብቶ ቢቆም ያ 9,800 ጁል በሙሉ በዚያች ሴንቲሜትር ውስጥ ማለቅ አለበት። 9,800ን ለ0.01 ቢያካፍሉ 980,000 ኒውተን ይመጣል፤ ይህም በአማካይ የ100 ቶን ሸክም ማለት ነው። ጊዜው ከሴኮንድ 3 ሺኛ ገደማ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ማሽኑ ጉልበት ያበዛ ይመስለዋል። ዕቁብ የገባ ሰው ግን እንዲህ አይሳሳትም። 10 የመሥሪያ ቤት ጓደኞች በየወሩ ከደመወዛቸው እኩል ቢጥሉ ዕጣው የደረሰው የ10 ሰው መዋጮ ይቀበላል። ገንዘቡ አልተወለደም፤ ተጠራቀመ እንጂ። ቢሆንም በአንድ ወር መዋጮ የማይገዛው ካፖርት በዕቁቡ ይገዛል። ሰንሰለቱ በ2 ሴኮንድ ቀስ ብሎ የጣለውን ዕቁብ መዶሻው በ3 ሺኛ ሴኮንድ ያወጣዋል። ሞተሩ ራሱ አርማታውን ገፍቼ ልስበር ቢልስ? 100 ቶን ወደ ታች ለመግፋት ከላይ 100 ቶን የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል፤ ካሚዮኑ ከዚያ ስለሚያንስ መንገዱ ሳይሰበር ካሚዮኑ ወደ ላይ ይነሣ ነበር።

አሁን ሰንሰለቱን እንመልከት። ቀንዶቹ በስንት ሜትር መራራቅ አለባቸው? መዶሻው ለመነሣት 2 ሴኮንድ፣ ለመውደቅ 0.64 ሴኮንድ ይፈልጋል፤ ከመታ በኋላም ነጥሮ እስኪረጋ ጥቂት ጊዜ ያሻዋል። ሁሉንም 3 ሴኮንድ ብንለው፣ ሰንሰለቱ በሴኮንድ 1 ሜትር ስለሚሄድ ቀንዶቹ 3 ሜትር ይራራቁ። ሰንሰለቱ 6 ሜትር ርዝመት ቢኖረው ሁለት ቀንድ ይይዛል። በደቂቃ 20 ምት ይሆናል፤ ካሚዮኑ መዶሻው በተነሣ ቁጥር 60 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ቢራመድ በሰዓት 720 ሜትር መንገድ ይመታል።

አሁን አንድ የቸኮለ ሥራ ተቋራጭ መጥቶ «ሞተሩን እጥፍ አሩጠው፣ በቀን እጥፍ እንጨርሳለን» ይበል። በወረቀት ላይ እውነት ይመስላል። ሰንሰለቱ በሴኮንድ 2 ሜትር ሲሄድ መዶሻው በ1 ሴኮንድ ይነሣል፤ ቀጣዩ ቀንድ ደግሞ በየ1.5 ሴኮንዱ ይመጣል። ነገር ግን ምድር የተቋራጩን ችኮላ አታውቅም፤ መውደቁ አሁንም 0.64 ሴኮንድ ይፈጃል። 1 እና 0.64 ሲደመሩ 1.64 ነው፤ ከ1.5 ይበልጣል። እንግዲህ መዶሻው ገና በአየር ላይ ሳለ ሁለተኛው ቀንድ ከሥሩ ይመጣበታል። አስልቼ እንዳየሁት ሁለቱ የሚገናኙት መዶሻው አርማታው ላይ ሊያርፍ 20 ሴንቲሜትር ያህል ሲቀረው ነው፤ አንዱ በሴኮንድ ወደ 6 ሜትር ይወርዳል፣ ሌላው 2 ሜትር ይወጣል። ለመንገዱ የታሰበው ምት በሙሉ በሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ወይም ቀንዱ ይነቀላል፤ የተነቀለው ብረት የት እንደሚያርፍ ደግሞ ማንም አስቀድሞ አይናገርም።

ስለ ማሽኑ ይህን ያህል ካልን ስለሚሰበረውም ነገር ጥቂት ማለት ይገባል። አርማታ ሲጨመቅ ብርቱ ነው፤ ሲሳብ ግን ደካማ ነው፤ ለመሳብ ያለው ብርታት ለመጨመቅ ካለው ከ10 እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። መዶሻው ከላይ ሲመታ ንጣፉ ጥቂት ይጎብጣል፤ የላይኛው ፊት ይጨመቃል፣ የታችኛው ፊት ይለጠጣል። ስለዚህ ስንጥቁ የሚጀምረው መዶሻው ካረፈበት ቦታ ሳይሆን ከሥር፣ ዐይን ከማያየው ፊት ነው። ቆሞ የሚያይ ሰው አንድ ምት ሰምቶ ነጭ አቧራ ብቻ ሲያይ «ምንም አልሆነ» ይላል። ተቆጣጣሪዎቹ ግን ውኃ ያርከፈክፉበታል፤ ገጹ ሲደርቅ በስንጥቁ የገባው ውኃ ዘግይቶ ስለሚደርቅ የስንጥቆቹ መረብ እንደ ጥቁር ክር ሆኖ ይታያል። እኔ ይህን ዘዴ ከብዙ ውድ መሣሪያ አስበልጬ እወደዋለሁ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር አለ። ንጣፉ እንዲጎብጥ ከሥሩ ያለው አፈር ልክ ሊሆን ይገባል። አፈሩ በውኃ የራሰና የላላ ከሆነ ምቱን ይውጠዋል፤ ሙቀጫ አልጋ ላይ አስቀምጦ እንደ መውቀጥ ነው። የመዶሻውም አፍ ነገሩን ይለውጠዋል። ሹል አፍ ቀዳዳ ይበሳል እንጂ ስንጥቁን አያስፋፋም፤ ከንጣፉ ማዶ እስከ ማዶ የሚደርስ ሰፊ አፍ ግን መንገዱን በመስመር ይከፍለዋል። ከፍታውን ያለ ልክ መጨመርም እንዲሁ ጉዳት ነው፤ መዶሻው ንጣፉን በስቶ አፈሩ ውስጥ ይቀበራል፤ የተበጠበጠው አፈር ደግሞ አዲሱን መንገድ አይሸከምም። በአርማታው ውስጥ ፌሮ ካለ ነገሩ ይብሳል፤ አርማታው ተሰባብሮም ብረቱ ቁርጥራጩን እንደ ተሰካ ሥጋ አያይዞ ያቆየዋል፤ ተጨማሪ ምት ይፈልጋል። የውኃ ቧንቧ ከሥር ባለበትና ቤት በቀረበበት ሥፍራ ደግሞ ትልቁ መዶሻ ጭራሽ አይገባም፤ እዚያ በእጅ የሚያዘው የአየር መሰርሰሪያ ሥራውን ቀስ ብሎ ይጨርስ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከሁሉ የከበደው እርሱ ነው። ሰንሰለት በሥራ ብዛት ይረዝማል። ብረቱ እንደ ጎማ ተለጥጦ አይደለም፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ቁልፉና ቀዳዳው ጥቂት ጥቂት እየተበሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እጅ 3 እጅ የረዘመ ሰንሰለት ይለወጣል፤ ለኛ 6 ሜትር ሰንሰለት ይህ 18 ሴንቲሜትር ነው። የግራውና የቀኙ እኩል ቢረዝሙ አንድ ነገር ነው። አንዱ ዘይት ጠጥቶ ሌላው ደርቆ ሲሠራ ግን የአንዱ ቀንድ ቀድሞ ይደርሳል፣ የሌላው ይዘገያል፤ መዶሻውም በአንድ ትከሻው ብቻ ይነሣል። የጠረጴዛዎን መሳቢያ በአንድ ጠርዝ ብቻ ይዘው ቢስቡት ምን ይሆናል? ይጣመምና ይነክሳል። መዶሻውም እንዲሁ በሐዲዶቹ መካከል ነክሶ ይቀራል። ቀንዶቹ ሾልከው ወጥተዋል፤ 500 ኪሎ ብረት በሰበቃ ብቻ ተይዞ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ ቢጠፋ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታውም ሰውን ያሳስታል። «ትንሽ ነካ ባደርገው ይወርዳል» ብሎ የብረት ዘንግ ይዞ ከሥሩ የሚገባ ሰው የሚነካው ያንኑ 9,800 ጁል ነው፤ ለመሸሽም ያለው ጊዜ 0.64 ሴኮንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ደኅና በተሠራ ማሽን ሐዲዶቹ ላይ ቀዳዳ ይኖራል፤ ከነከሰው መዶሻ ሥር ወፍራም መቀርቀሪያ ብረት ከጎን ይሰካበታል። ሰው እጁን የሚያስገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ መቀርቀሪያውንም የሚሰካው ከጎን ቆሞ እንጂ ከፊት ጎንበስ ብሎ አይደለም። ነጂው ለምሳ ሲወርድም መዶሻውን ሰቅሎ አይሄድም፤ አርማታው ላይ አስተኝቶት ነው።

ለተማሪዎች አንድ ሒሳብ ልተው። ከፍታው ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ቢወርድ፣ ሰንሰለቱም እንደ መጀመሪያው በሴኮንድ 1 ሜትር ቢሄድ፣ መዶሻው ከመታ በኋላ የሚያርፍበት ጊዜም ሳይለወጥ ቢቀር፣ ቀንዶቹ በስንት ሜትር ይራራቁ? 3 ሜትርን በግማሽ የከፈለ ሰው ስሕተት ላይ ነው።